ደጋና ቆላ በአንድ ጣሪያ

ግንቦት ነው ሐርቡ ላይ፣ ቀትሩ ተሰቅሎ፤
ቆርቆሮው ይንጣጣል እንደ ሽንብራ ቆሎ፤
ቦርከና ከድንጋይ ድንጋይ ተንጠልጥሎ
ወንዝ ነኝ ይላል ዛሬም፣ በስሙ ተከልሎ።

ከካምፑ ማዶ ነው የምሠራበት ቤት፤
እንግዶች ይበሉታል፣ እኛ አንጠራውም በስም።
ለእናቴ «እርባታ ነው» ብያት ነበር አንድ ለት፤
የምን? አላለችም።
እኔም አልጨመርኩም።

ዛሬ አንዷ ደርሳለች፤ ከብረቱ መሃል
ጎኗ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤
አፏ አረፋ ይዟል፣ ዓይኗ ይንከራተታል።
ላብ አልተሰጣትም፤ ቆዳዋ ዝግ ነው፤
እኔን ግን ሸሚዜን ከጀርባዬ ያጣበቀው፣
ምነው ባበደርኳት አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ሰው እንዳይሰማው።

ዶክተሩ ሲያሠለጥነን እንዲህ ነበር ያለው፦
«እናቲቱ ደጋ፣ ልጆቿ ቆላ ናቸው።
እሷን ደላንታ አውጧት፣ ነፋስ እንዲያገኛት፤
እነሱን ባቲ አውርዷቸው፣ ሳይርቁ ከጡት።»
አንድ ክፍል፣ አንድ ጣሪያ፣ በመሃል አንድ ጣውላ፤
በዚህ በኩል ውርጭ፣ በዚያ በኩል ቆላ።
ወሎን እንደ ነጠላ አጣጥፌ
ጋጣ ላስገባ ነው እንግዲህ።

መብራት ሲኖር ይቻላል። ማራገቢያው እሷን፣
ቀዩ አምፖል እነሱን።
ዛሬ ከረፋዱ ጀምሮ መብራት የለም፤
ማራገቢያው ክንፉን ዘርግቶ ቀረ፣ ከእንግዲህ አይበርም።

የሃይላንድ ፕላስቲክ ቂጡን በመርፌ በሳሁ፣
ከአንገቷ በላይ በሽቦ ሰቀልሁ።
ጠብ።
ሆዷ ላይ አይደለም፣ ወለሉም አይርጠብ፤
ከጆሮዋ ጀርባ፣ ትከሻዋ ላይ ጠብ።
አንድ ስንዝር ብትስት ልጆቹን ትነጥቃለች
ይህችው እናታቸውን የምታድን ጠብታ።

አዛለች ጆንያ ነክራ መስኮቱን ሸፈነች፣
የማሽላ አገዳ ጣሪያው ላይ ደረደረች፤
የመጀመሪያው ሲወርድ፣ ሮዝ፣ ከጫማዬ ያነሰ፣
«ማርያም ማርያም» አለች።
ወዲያው አፏን ያዘች።
«ይቅር በይኝ» አለች ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፤
እስከ ዘጠነኛው ግን ያንኑ ደገመች።

እኔ ነበርኩ ተቀባዩ፤ ላስቲክ ጠምጥሜ እስከ ክርኔ
በብስኩት ካርቶን ውስጥ፣ ከከሰሉ ምድጃ ጎን
አንድ በአንድ ደረደርኳቸው።
የመጨረሻዋ ተንቀጠቀጠች። በዚያ ቀትር፣ በዚያ ግንቦት፣
አገር ሲነድ እሷን ብርድ ያዛት!
ከሱሪዬ በላይ የታጠቅኩትን ሽርጥ
ፈትቼ አለበስኳት።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ከቃሉ ተራራ
ነፋስ ወረደ፣ የዘገየ እንግዳ፣ ይቅርታም ሳይጠይቅ።
እናቲቱ አንዴ አቃሰተች፣ ረጅም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፤
ጠርሙሱ ባዶ ነበር።

ሲመሽ ቦርከና ወርጄ ሰባት ጊዜ ታጠብኩ፣
አንዱን በአፈር፤ ልጅ ሆኜ እንደተማርኩት ቆጠርኩ።
ደጃችን ስደርስ፣ ከመድረኩ በስተግራ
አንድ ጣሳ ውሃ፣ አጠገቡ በሸክላ ስባሪ
የተነፋ አፈር።
ትናንትም ነበር። አምናም ሳይኖር አይቀርም።
ዶሮ የጫረው መስሎኝ፣ በየቀኑ ስሻገረው የኖርኩ።

እናቴ ከጓዳ፣ ፊቷን ሳታዞር፣
«ሽርጥህስ?» አለች።
ዝም አልኩ።
ኩራዙን ለኮሰች፤ ክሩን ዝቅ አደረገች፤
«ኑርዬ» አለችኝ፣
«ይኼ ሙቀት ለአራስ ክፉ ነው።
በረደላት?»