ሚስኮል

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ዘበኛው ሲያንቀላፋ፣
ከገንዳው አፍ ላይ ነጭ አረፋ ሲደፋ፣
ፍስሐ ይመጣል፣ የፈረቃ መሪው።
«ክፈተው» አይልም፤ ቃል ምስክር አለው፤
በባትሪው ጫፍ ብቻ ቫልቩን ያሳየኛል።
እኔም እከፍታለሁ።
                              ዐሥራ አራት ዓመቴ፣
ይቺን መዘውር ሳዞር፤ በሷ ነው ሕይወቴ፦
የማስተዋል ደብተር፣ ያስካል የስኳር ኪኒን፣
ካከራይ ሳልጣላ የማድርባት ክፍሌን፣
ሁሉን ትዘውራለች ይቺ የዛገች ብረት፤
ሲጢጥ ትላለች እንጂ ጠይቃኝ አታውቅም አንድም ሌሊት።

ይወርዳል።
ኖራው ነጭ ሆኖ፣ ክሮሙ ሰማያዊ፣
የቆዳው ጠጉር ተንሳፎ ከላይ።
ጨረቃ ያለች ዕለት ያምራል።
ይቅር በለኝ፣ ያምራል።

ከታች፣ ካጥሩ ወዲያ፣ ኦቦ ሁንዴ አለ፣
ባንዲት ያረጀች ፓምፕ ቆስጣ ያበቀለ፤
ሌሊት ነው የሚያጠጣው፣ ፀሐይ እንዳትቀማው።
ለኛ ቤት ሁልጊዜ፣ እሑድ ጧት ሲነጋ፣
አንድ እስር ይልካል፣ ሳይነግረን ዋጋ፤
«ለልጅቷ ነው» ይላል፣ «ደም ይሁናት፣ ትደግ»።
ሦስቴ አጠበችው አስካል፤ ምነው አሥሬ ባጠበች።
«ሆዴን አሞኛል» አልኩ፤ ልጅቷ ግን ጎረሰች።

ሰኔ ላይ የሁንዴ ላም ሞተች። በሳምንቷ ጥጃዋ።
የእድሩ ስብሰባ ላይ፣ በብረት ድስቶች መሀል፣
ዳኛው ተነሥቶ ጠየቀ፦ «ውኃው መቼ ይለቀቃል?
ሰዓቱን የሚያውቅ አለ?»
                              ማንም አላየኝም።
ማንም እንዳላየኝ ያየሁት እኔ ነኝ።
እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ጥፍሬ ሰማያዊ ነው።
ድንኳኑንም ቢሆን የገዛልን ፋብሪካው ነው፤
ከመዝገቡ ስም ግማሹ እንጀራው ከዚያው ነው።
«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ።
የኔ ዝም ነቀዘ፤ ሲፈጭ አድሮ ይሰማኛል።

በማግስቱ ሌሊት፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ፣
ከመጸዳጃው ጀርባ ስልኬን አወጣሁና
አንዴ አስጠራሁ።
ዘጋሁ።
ብር አይቆርጥ፣ ቃል የለው፣ ማንንም አይመሰክር።
ሁንዴ መልሶ አልደወለም።
ፓምፑ ግን፣ ካጥሩ ወዲያ፣ ሁለቴ አስሎ ጸጥ አለ።

ይኸው እስከ ዛሬ፣ ፍስሐ ባትሪ ሳያበራ
እኔ ስልኬን አበራለሁ።
እሑድ ቆስጣው ይመጣል፤ ስለ ስልኩ አናወራም።
«ከብቶቹ ደኅና ናቸው?»
«ተመስገን። ዛሬም ከጉድጓድ አጠጣናቸው።»
አሁን አሁንማ እኔም ካስካል ሳህን እጎርሳለሁ፣
አንድ ጉርሻ፣ አንዳንዴም ሁለት።

ግን ወንዝ ነው፤ ወንዝ ደግሞ ሁንዴ ጋ አይቆምም።
ነፋሱ ወዲህ ሲሆን፣ ከድልድዩ ወዲያ
ሌላ ፓምፕ ይሰማል፣ ከሱም ወዲያ ሌላ፤
ሰው ያስላል፣ ላም ትጮኻለች፣ የሕፃን ልብስ ይታጠባል መሰለኝ በጨለማ።
ስማቸውን አላውቅ፣
ቁጥራቸው የለኝም።