ከዜሮ እስከ ዐሥር

በርገን ይዘንባል፣ ከማክሰኞ ጀምሮ፣
አሸንዳው ይደለቃል፣ እንደ ሠርግ ቤት ከበሮ።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ የሰው ቃል ተሸካሚ፣
በሰዓት ተከፋይ፣ በሁለት ዝምታ መሐል ቋሚ።

ዶክተር ቶሪል መጣች፣ ባለ ቁጥር ማስመሪያ ይዛ፤
ዘርፈሽዋል ተቀምጣለች፣ በአልጋው ጠርዝ ተክዛ።
"ሕመምሽ ስንት ነው? ዜሮ ምንም፣ ዐሥር የማይቻል።"
"ደህና ነኝ። ተመስገን።"
ተረጎምኩ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።
ዜሮ ተጻፈ፣ በወረቀቱ ራስ።

እጇን ግን አየሁት።
ሃያ ዓመት ሳልሞን ያሸገ፣ ከበረዶ ጋር የኖረ፣
የአልጋውን ብረት ጨብጦ ነበረ፤
አንጓው እስኪነጣ፣
አንዲት "እህ" ከአፏ እንዳትወጣ።

"ዶክተር፣ ይሄ ሰላምታ ነው፤ መልስ አይደለም" አልኩ፤
ደንቡን ጣስኩ።

ቶሪል ማስመሪያዋን ኪሷ ከተተች። ወንበር ሳበች።
"ሌሊት ስንቴ ነቃሽ? ካልሲሽን ማን ያለብስሻል?"
"ካልሲ?" አለች ዘርፈሽዋል፣
"ካልሲ ካደረግሁ ወር አልፎኛል።"

ያኔ ቃላቱ መጡ፣ እንደ ጉንዳን፣ አንድ በአንድ፦
ቀን ይጠዘጥዘኛል፣ ወገቤ ላይ እንደ ኩበት ሲነድ፤
ሲመሽ ይሰረስረኛል፤
ሊነጋ ሲል ጭኔን ይዞ ወርዶ ይነዝረኛል።
በኖርዌይኛ ሁለት ቃል አገኘሁ፤
የቀረውን ጠረጴዛውን በጥፍሬ እየሰረሰርኩ አሳየሁ።

ሞርፊን ሲባል ፊቷ ጠፋ።
"ወንድሜን በሱ ነው የሸኙት።"
"መሸኛ አይደለም" አለች ቶሪል፣ "ካልሲ መልበሻ ነው።
እስኪጮህ አትጠብቂው፤ ሳይነቃ ቅደሚው።
ሆድ ያደርቃል፤ ማለስለሻውንም አትርሺ።
ጧት በስምንት፣ ማታ በስምንት።"

በሳምንቱ ተመለሰች። ክኒኑን ውጣለች፣ በስምንት፤
በራሷ ስምንት፣ ከምሳ በኋላ፤
ደግሞም ሌሊት፣ ደወል ሞልታ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ።
ጥፋቱ የኔ ነው፤
ቁጥሩን አሻገርኩ፣ ሰዓቱን ረሳሁ።
ቶሪል ሳቀች፦ "በመሐሉ ዐሥራ ሁለት ሰዓት አለ?
አለ። እንግዲያው ምን ጎደለ?
ለእንቅልፍሽ ሲባል ግን ቀስ በቀስ ወደኛ እናመጣዋለን።"

"ዛሬስ ስንት ነው?"
ዝም አለች። ወገቧን አዳመጠች፣
በር ላይ ኮቴ እንደሰማች።
"አራት" አለች። "ደረጃ ስወጣ ስድስት።"

አራትን ተረጎምኩ፣ ስድስትንም።
ካልሲ አድርጋለች፤ የግራው ተገልብጧል።
እሱን አልተረጎምኩትም።