አንድ ፔርኖ

ለገሃር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣
ሐምሌ በቆርቆሮው ሽንቁር እየገባ፣
ሰኚ ንድፏን ይዛ ፊቴ ተገተረች፤
ግራሶ በነካው ጣቷ እያሳየች፦
«ጋሽ ድንበሩ ይዩት፤ ሰይፍና መድፍ ባንድ፣
በአራት ብሎን ጥብቅ፣ እንደ ግንብ የማይናድ።»

ንድፉ ቆንጆ ነበር። መዋሸት አልችልም።
ግን ደንቡ ግድግዳው ላይ ነው፣ በጠመኔ፤ አይታጠፍም፦
አንድ መሣሪያ፣ አንድ ፔርኖ። ሌላ የለም።

«ለምን?» አለች።
ደግ። መፍቻሽን አስቀምጪ፤
ያን የዘይት በርሜል ገልብጠሽ ተቀመጪ።

ዘቡ ባዶ እጁን ስድሳ ቶን ይከብዳል፤
ቸርችልን ቁልቁል ሲይዝ ጉልበቱ ይርዳል።
ክንዱን አሥራ አንድ ጫኚው፣ ይወርዳል ቀጥ ብሎ፤
አሥራ ሁለት ጫኚው፣ በእርጥብ አስፋልት ተንከባሎ
ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ነው የምናገኘው።
ይህን በሒሳብ አልደረስንበትም፤
ሲንሸራተት ቆመን አይተን ነው።

የመድፉ መጽሐፍ «ሰላሳ ተኩስ፣ ያለ ፋታ» ይላል።
የጻፈው ሰው ባሕር ጠረፍ ተቀምጧል፤
የእኛን ስስ አየር ከየት ያውቀዋል?
እዚህ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ ብረቱ አይበርድም።
ስለዚህ ሹፌሩ ሦስት ተኩሶ እስከ አርባ ይቆጥራል፣
ጮክ ብሎ፣ በሬዲዮ፣
እኛም ከታች እየተቀበልነው።

ቀዳዳው ሁሉ፣ የግራም የቀኝም፣ አንድ ልክ የሆነው
የፒያሳው ዘብ መድፉ ቢሰበር የሜክሲኮው እንዲያውሰው ነው፤
ጎረቤት ወንፊት እንደሚዋዋስ። ሌላ ምስጢር የለውም።

ፔርኖው ደግሞ ለስላሳ ብረት ነው። ሆን ብለን።
ያ ነገር ከባንትይቀጡ ወጥቶ መድፉን ነክሶ ሲጎትት
ቀድሞ የሚበጠሰው እሱ እንዲሆን።
መድፍ በወር ይሠራል፤
ትከሻ ዓመት ይፈጃል፤
ሹፌር ግን

ከኪሴ አወጣሁት። አሥር ዓመት አብሮኝ የዞረ ብሎን፣
ራሱ የተላጠ፣ ዳዶው ቀልጦ የተጣበቀበት።
ወንዳየሁ ይባል ነበር። ብሔራዊ ቲያትር ፊት ለፊት
መድፉ ክንዱ ላይ እንዳለ ተቀጣጠለ፤
እሳቱ ወደ ደረቱ፣ ወደ ወንበሩ ዘለለ።
መፍቻ ይዤ መሰላሉን የወጣሁት እኔ ነኝ።
ሦስቱ ቶሎ ተፈቱልኝ።
ይሄ አራተኛው ነው።
እሱ እንደ ደንቡ ይቆጥር ነበር።
ሰላሳ ሰባት ሲል ሰማሁ።
ሰላሳ ስምንትን አልሰማሁም።

ሰኚ ምንም አላለች። ብሎኑን በመዳፏ መዘነችው፣
መለሰችልኝ፣ ጃኬቷን አጠለቀች።
ውጭ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት!» ይላል፤
እየሮጠች ገባች።

በማግስቱ ሞርሳው ላይ ንድፏ ተዘርግቷል።
ሰይፉ የለም። አራቱም ብሎን በላጲስ ጠፍቷል።
በቦታቸው አንድ ፔርኖ፤ ግን የእኛ ዓይነት አይደለም፤
የእኛ ሾጣጣ ነው፣ ከቀኝ ብቻ ተመትቶ የሚወጣ፤
እሷ ቀጥ አድርጋዋለች፣ ከወዲህም ከወዲያም እንዲመጣ።
ከሥሩ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«መሰላል ላይ የወጣው ሰው ቀኝ እጁ ቢቃጠልስ?
ወይ እንደኔ ግራኝ ቢሆን?»

ለካ ግራኝ ናት።
ዓመት ሙሉ አብሬያት ስሠራ
አንድም ቀን ልብ አላልኳት።

ጠመኔ ፈለግሁ። ከደንቡ ሥር ጨመርኩ፦
«ፔርኖው ከሁለቱም ወገን ይመታ።»
ለምን እንደሆነ አልጻፍኩም።
የሚጠይቅ አይጠፋም፤
በርሜሉም እንደተገለበጠ ነው።