ከሁለት ጫፍ የተጀመረ ደብተር

እዚህ አገር ደብተር «ማህበረት» ይባላል፤
ኡልፓን የገባሁ ለት ጆሮዬ «ማኅበር» ብሎ ሰምቶታል።
«ተራው የማን ይሆን? ድግሱስ ማን ቤት ነው?» ብዬ ብጠይቅ
ክፍሉ ሞላ በሳቅ።

አፉላ ላይ ሆኖ ሠላሳ አራት ዓመት አለፈው ያ ሳቁ፤
የሳቁት ሰዎችም ብዙዎቹ አለቁ።
ደብተሩ ግን አለ፣ ከኩሽናው መሳቢያ፣
ከባትሪ፣ ከመብራት ሒሳብ፣ ምንም ከማይከፍት ቁልፍ ጋር ባንድ ማደሪያ።

ዕብራይስጥ ከቀኝ ነው፣ አማርኛ ከግራ፤
ስለዚህ ደብተሬን ከሁለት ጫፍ ይዤ ጀመርኩኝ ሥራ።
በወዲያኛው ሽፋን፦ «ሌኼም» ማለት ዳቦ፣
«ቶር» ማለት ወረፋ፣
«ማኻር» ማለት ነገ፤
ቢሮ በሄድኩ ቁጥር ጸሐፊዋ ይህን ደጋግማ አስተማረችኝ፣
እሷን የመሰለ መምህር አልገጠመኝ።

በወዲህኛው ሽፋን፣ ባባቶቼ ፊደል፣ መብራት አሳንሼ፣
የወንዛችንን ስም፣ ያባቴን የወናፍ ትንፋሽ፣
የበሬያችንን ቀለም ጻፍኩኝ አስታውሼ።
ቀይ ነው ብዬ ነበር። አጎቴ ዋሴ «ጥቁር ነው» አለኝ፤ ሰረዝኩት።
ሌሊት በሕልሜ መጣ፣ ቀይ ሆኖ፤ መለስኩት።
አሁን ያ በሬ በደብተሬ ሁለት ቀለም አለው፤
ከጻፍኩት ሁሉ ምናልባት ያልዋሸሁት እሱን ብቻ ነው።

ሁለቱ ጽሑፎች፣ ካመት ዓመት፣ ወደ መሀል ሲጓዙ
አንድ ቅጠል ሲቀራቸው፣ እዚያው ላይ ፈዘዙ።
ቅጠሏ የእንኳዬ ናት። የእኅቴ።
ገዳሪፍ፣ ድንኳን ውስጥ የቀረችው።
ስንት ጊዜ ብዕር አነሣሁ፤
ባማርኛ ልጻፋት ስል ትሞትብኛለች፣
በዕብራይስጥ ልጻፋት ስል ገና አልተወለደች።
ስለዚህ ነጭ ሆና ቆየች።

ባለፈው ማክሰኞ ሻራቭ ነበር፤
ከሸለቆው የሚመጣው ነፋስ ስንዴውን በቁሙ ይቆላል።
ማዝጋኑ ሞተ።
የልጅ ልጄ ሽላት፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ መሳቢያውን በርብራ፣
እጇ የገባውን ወረቀት ገለጠች፤
«ሺሚ፣ ማዝጋን» ብላ አሥር ቁጥር ጻፈች፣
በወፍራም ሰማያዊ፣ እዚያች ቅጠል መሀል ላይ።
እጄ ተዘረጋ። ድምፅ ግን አልወጣኝም።
«ሳባ፣ ምነው?» አለች።
«ምንም» አልኳት። ምንም።

ሺሚ መጣ። መሰላል አቆመ፣ አንድ ሽቦ ነካካ፣ ሄደ።
ቀዝቃዛው አየር ማጅራቴ ላይ ሲወርድ
ካርቶን ታየኝ። የብስኩት ካርቶን፣ ጠርዙ የተበላ፣
ትኩሳት ይዞኝ ሳለሁ ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ዝቅ የሚል፤
ከካርቶኑ ኋላ እጇ፣
ከእጇ ኋላ የማላስታውሰው ፊት።

ብዕር ፈለግሁ። ከቁጥሩ ሥር፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣
«እንኳዬ በካርቶን ታራግብልኝ ነበር» ብዬ ጻፍኩ።
አንድ መስመር።
ቁጥሩን አልሰረዝኩትም፤
ሐምሌ ሲመጣ ያስፈልገናል።