ኖራ

አሌንቴጆ፣ የፖርቱጋል ደቡብ፤ የካቲት ግድግዳውን የላጠበት፤
እኔ የኬሚስትሪ መምህሩ፣ ደባል በዴኦሊንዳ ቤት።
ጠዋት ጠራችኝ፦ «ና፣ በርሜሉን ደግፍልኝ፤
ቪርጂሊዮ የተወው ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝ።»

ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት፣ ጭራሮ እየማገደ፣
እብነ በረዱን እሳት አጉርሶ፣ ትንፋሹ እስኪወጣ አነደደ።
ድንጋዩ ቀለለ፤ ትንፋሹን ሰጥቶ ሙቀት ተበደረ፤
ሰውየው በመስከረም ሞተ፣ ብድሩ በበርሜል ቀረ።

እኔ ጠረጠርሁ። አየር ስስ ሌባ ነው፣ በስንጥቅ ይገባል፤
ትንፋሹን ለድንጋዩ መልሶ፣ ሙቀቱን ማንም ሳያውቅ ይቀማል።
ይህን ልነግራት ነበር።
አልነገርኋትም።

ክዳኑ ተነሳ። ቡጢ የሚያህል ጓል መረጠች፤
ከጉድጓድ የቀዳችው ውሃ ውስጥ ለቀቀች።
አንድ ሁለት አረፋ፣ እንደ ሽማግሌ ሳል፤
ከዚያ ዝም። ውሃው እንደ ጓሮው ይቀዘቅዛል።

«ሞቷል» አልሁ በልቤ። እርሷ ምክር አልጠየቀችኝም፤
መዶሻ አነሳች፤ ሌላውን ጓል ስትፈነክት እጇ አልተንቀጠቀጠም።
ሽበቱ ከላይ ነበር፤ ውስጡ ገና ለጋ።
«ባለ አንድ በር ቤት» አለች፣ «በስንት ቀን ነው እንግዳ የሚሞላው?
ሺህ በር ከፈትሁለት።»
ከምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ አምጥታ ለብ ያለውን ጨመረችበት።

ከቁልቁለቱ በፊት ትንሽ ዳገት አለች፣ ገፊ የምትሻ፤
ስንት ጊዜ ሥያታለሁ በጠመኔ፣ በሰሌዳው ዳርቻ!
ተማሪዎቼ ሲያዛጉ።

ትንሽ ቆየ።
ባልዲው ጮኸ። ያለ እሳት ፈላ፤
የራሱ ሙቀት ራሱን እየገፋ፣ መነጽሬ በጉም ተሞላ።
«ዓይንህን! ራቅ በል!» አለችኝ፤ እርሷ ግን አልራቀችም፤
መዳፏን ከእንፋሎቱ በላይ ዘርግታ፣ ቃል አልተነፈሰችም።
የዚያ ሐምሌ እሳት ነበር፤ የጭራሮው፣ የላቡ፣
ዘጠኝ ክረምት በጨለማ ከርሞ፣ ወጣ ከነወለዱ።

ዘጠኝ ዓመት ከእርሱ ወዲህ ክዳኗን ሳትከፍት ኖራ፣
ዛሬ ፈላች፤ የትኛዋን እንዳልሁ ለማን ላውራ?

ሰንብታ፣ በረጅም ብሩሽ የደጁን ግድግዳ ስትቀባ፣
ነጩ እርጥብ ነበር፤ አየሩን እየሳበ ወደ ድንጋይነቱ ሊገባ።
ዓመታት ይፈጅበታል። ማን አስቸኮለው?
በርሜሉን አጥባ ጓሮ ጣለችው፤
አሁን ዶሮ ይተኛበታል።