ውሃው የተወው ብረት

አሁን ሽምብራ መሐል ነው፣ እስከ ወገቡ ዝጎ፤
እንየው አህያውን ያስርበታል፣ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ።
መንገደኛ ሲያልፍ «የምን ጉቶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤
ጉቶ አይደለም፤ ይህ ብረት የጣናን ክንድ ያውቃል።

ከብረቱ በፊት፣ ደምቢያ ዳር፣ ማሰሪያ የፈለገ አልነበረም፤
ታንኳ ማታ ይወጣል፣ አሸዋ ላይ ይደርቃል፣ ውሃ ላይ አያድርም።
ባባ እንድሪስ ደንገሉን በጉልበቱ ተጭኖ ሲያጠብቅ እንዲህ ይል ነበር፦
«ታንኳ ዕድሜው ሦስት ወር፤ ሲበሰብስ፣ ሌላ ማሰር፤
ቤት የሠራ ነው ይፈርሳል እያለ ሌሊቱን የሚከስር።»

ጣሊያን መጣ፤ ሲሚንቶ በካሚዮን፣ ብሎን በሳጥን አራግፎ፣
አራት ብረት ተከለ፣ የመንደሩን ወንድ በአካፋ አሰልፎ።
አምስት ዓመት ሳይደፍን ሄደ፣ ብረቱንም ትቶ፤
«ፖርቶ» እንላለን እስከ ዛሬ፣ የቀድሞ ስሙ ጠፍቶ።
አንጓች የምትባል መበለት አንዱን ብሎን ሸሽጋ
በሯን ትዘጋበት ነበር፣ ክረምት ከበጋ።

ከዚያ መርከቡ። ሐሙስ ሐሙስ፤ ቀድሞ ጭሱ፣ ኋላ ጩኸቱ፤
እኛ እንሮጣለን፤ አባቴ ይቆልፋል የካኪ ኮቱን፣ እስከ አንገቱ።
ሽባባው ትኬት ቆራጩ፤ አውራ ጣቱ በካርቦን የጠቆረ፣
ገመዱን ግን ለማንም የማይሰጥ፣ ራሱ የሚያስር የነበረ፦
ሁለት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ። ከዚያ መንደሩ አገር ይሆናል፤
ጋዝ፣ ጨው፣ ዶሮ፣ ባሏን የፈታች፣
አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ አዝሎ ይመጣል።

አንዴ አስከሬን ሊሻገር መጣ፣ በሰሌን ተጠቅልሎ፤
ደንቡ «ጭነት» ይላል። አባቴ ብዕሩን ጥቂት ከወረቀቱ ነቅሎ፣
«ሰው፣ አንድ» አለና ጻፈለት።
ዋጋውን ከኪሱ ከፈለለት።

በደርግ ጊዜ ያው መርከብ ልጆቻችንን ጭኖ ዋለ፤
ወንድሜ ምንተስኖት ከመሰላሉ ላይ ሆኖ
«ፍታው እንጂ አባባ፣ ሊመሽ ነው!» አለ።
ደርሶ መልስ የጠየቀ የለም፤ አባቴም መሄጃ ብቻ ቆረጠ፤
ገመዱን ሊፈታ ሲል ግን፣ እጁ ተንቀጠቀጠ።

አስፋልቱ ከጎንደር ደረሰ፤ አውቶቡሱ መርከቡን ቀደመው፤
ሐሙስ እንደ ማንኛውም ቀን ሆነ፤ አባቴን ያ ነው ያሳመመው።
ጡረታ ከወጣም በኋላ ሐሙስ ጠዋት ኮቱን ይለብሳል፣
ብረቱ ዘንድ ሄዶ፣ ዝገቱን በመዳፉ ያብሳል።

እሱ ካለፈ በኋላ እምቦጭ መጣ፤ ሲያዩት አበባ፣ ሲነኩት ሌባ፤
እስከ ደረታችን ገብተን ነቀልነው፤ በሳምንቱ ደግሞ አበባ።
ውሃው ራሱ ሸሸ። በየዓመቱ ጥቂት፣ ሳያስታውቅ፣ እንደ ባለዕዳ፤
ሦስቱን ብረት ቁርጥራጭ ገዢ ወሰደ፤
አራተኛው ብቻ ቀረ፣ ሜዳ ላይ እንግዳ።

የእንድሪስ የልጅ ልጅ ሰይድ ክንድ የማታክል ታንኳ ይሸጣል፤
«ስንት ጊዜ ትቆያለች?» ይለዋል ቱሪስት። ሰይድ ቀና ሳይል
«ውሃ ካልነካት ዘላለም» ብሎ ብሩን ይቆጥራል።

ገመድ ብረት ይበላል? ይበላል፤ ይኸው አንገቱ ላይ ቦዩ፣
የሰላሳ ዓመት ሐሙስ፣ ጣት የሚያስገባ፣ ጠጋ ብለው ለሚያዩ።

ትናንት እንየው ሲያስር አየሁት፦ ሁለት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ።
«ማን አስተማረህ?» አልኩት። ሳቀብኝ፣ እጁን ከአፈሩ አራግፎ፦
«ገመድ ማሰር ደግሞ ምን ትምህርት አለው?
እንዲህ ነው እንጂ፣ ከድሮ።»