ጠባቂው

ሞራ ገላጭ ድሮ፣ ሰንጋ ተጥሎለት፣
ስቡን ዘርግቶ አይቶ ይተርክ ነበር በድፍረት
ገና ያልመጣውን ዝናብ፣ ጦር፣ ወይ ሞት።

ብሬመን ላይ ግን ሞራው የኔው ነበር፤
የገለጠው ሐኪም አንድም ቃል ሳይናገር
በሩብ ሰዓት መጥጦ ጣለው ከነምስጢር፤
በምትኩም ተከለ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳች ሌንስ፤
በቀን አራት ጊዜ ጠብታ አዘዘልኝ፣ ቁስሉ እስኪፈወስ።

ጠብታውን የምትይዝ ጌጤነሽ ናት፣ ሚስቴ፤
እኔ ሶፋው ላይ እንደ ጫጩት፣ ተንጋልሎ አንገቴ፤
እሷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
"ወደ ላይ እይ!" ትለኛለች፣ የዓይኔን ቆብ ፈልቅላ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር።
በሁለተኛው ግን ጠብታው ሲያርፍ እንደ ሚጥሚጣ፣
ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ እንባ፣ ሳላዝን የመጣ።
ትራም ውስጥ አንዲት አሮጊት መሐረብ ዘረጋችልኝ፤
የላይኛው ፎቅ ጎረቤት፣ አቶ ቻርክስ፣ "ማን ሞተ?" አለኝ።

እኔም (ስጽፈው ያሳፍረኛል)
"እጅሽ ነው" አልኳት፤ "እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤
ሽንኩርት ከትፈሽ ሳትታጠቢ መጥተሽ ይሆናል።"

ዝም አለች።
ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ሳትቀርበኝ በፊት፣
ከመታጠቢያ ቤት ይሰማኛል ውሃው፤
እንደ ቀዶ ሐኪም እስከ ክርኗ ስትፈትግ፣ ስትፈትግ፣ ብዙ ቆይታ፤
ከዚያ ያው ሚጥሚጣ፣ ያው እንባ፣ ያው የኔ ስሞታ።

የጥጉ ፋርማሲ ባለቤት፣ ወይዘሮ ኦንከን፣
ጠርሙሱን አዙራ አነበበች የጉንዳን እግር የመሰለውን፦
"መድኃኒቱ አይደለም፤ የባለቤትዎም እጅ አላጠፋ፤
አብሮት የታሸገው ጠባቂ ነው፣ ገና ከበሩ ጀርም የሚደፋ፤
ጠርሙሱ ወር ሙሉ እንዳይበላሽ አፉ ላይ የቆመ ዘብ።
ቤንዛልኮኒየም ይሉታል። ብዙውን ሰው አይነካም፤
የደረቀ ዓይን ላይ ግን፣ ጠብ በጠብ፣
ይለበልባል።"

ዘበኛ!
እኔ ሌባ ስፈልግ በሚስቴ ጣቶች መሀል፣
ቤቱን የሚያቃጥለው በር ላይ የቆመው ኖሯል።

ሐኪሙን በስልክ ጠይቃ ሌላ ካርቶን አወጣች፦
ዘብ የሌላቸው፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያክሉ፣ ሠላሳ።
"አንዷን ለአንድ ቀን ብቻ፤ የተረፋትን ይጣሉት።
አይቀመጥም።"
ቃሏን እያላመጥኩ ተመለስኩ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በነዳሁት መስመር፣
እንደ ማንም ሰው ተሳፍሬ፤ ፌርማታዬን አለፍኩ።

ማታ፣ ጌጤነሽ፣ ክርኗ እርጥብ፣
የትንሿን አንገት ጠምዝዛ ሰበረች። ጠብ።
ምንም። ቅዝቃዜ ብቻ።

"ቆጠቆጠህ?" አለች፣ ለወቀሳ ተዘጋጅታ።
እጇ አፍንጫዬ ሥር ነበር፤ አዲሱ ዓይኔ አላለፈውም፦
ቀይ፤ መገጣጠሚያው ላይ የተሰነጠቀ፤
ሳሙና የበላው።

ያዝኩት።
"አንቺንስ?" አልኳት።

መልስ አልሰጠችኝም።
ካርቶኑ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ቀርቷል።